ቢጫው ካሬ

ጠመንጃውን የሸጠልኝ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣
«ለኮዮቴ ነው?» አለና፣ «እሱስ አይወድም ብቸኛ፤
አንዱ ይጠራል በጥሩምባ፣ አንዱ ነፋሱን ይጠብቃል፤
ሰው ፈልግ» ብሎ ዘጋ በሩን። ሰው ከየት ይገኛል? ማን ያውቃል?

እኔ የስኳር ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፣
ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግቼ የምተኛ፣
ከኦሃዮ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ፣ ወደዚህ ሞንታና ዳርቻ፣
የማውቀው የቦይለሩን ቁጥር፣ የፎርማኑን ስም ብቻ።

በመኖ መደብሩ ሰሌዳ፣ በጠፋ ድመትና በሚሸጥ ድርቆሽ መሃል፣
ካርድ ለጠፍኩ፦ «ጀማሪ ነኝ። መኪና አለኝ። ቅዳሜ ይመቸኛል።»
ስልኬን ከግርጌው ጽፌ፣ ስምንት ቁራጭ አንጠለጠልኩ፤
በሳምንቱ ተመልሼ፣ ስምንቱንም ቆጠርኩ።

ባለሱቋ ሎዊታ ግን፣ አየችኝና አዘነች መሰል፣
«ቨርሊን ኦስትጋርድ አለልህ፣ ጠባዩ የዛገ ምስማር ቢመስል፤
ጆሮው እንጂ እግሩ አልከዳውም»፤ ይህን ብላ
ኪሷ ከተተች፣ አንዷን ቁራጭ ገንጥላ።

ሰባት ቀሩ።

ካርታውን ዘረጋ ቨርሊን፣ በፒክአፑ ኮፈን ላይ፤
ጎዶሎ ጣቱን እያስኬደ፣ «ይኸን ነጩን ታያለህ ወይ?
የሰው ነው። በር ሳታንኳኳ፣ ፈቃድ ሳትለምን አትረግጠውም።
ሰማያዊው የስቴቱ ነው፤ ወረቀት ላለው አይከፋም።
ቢጫው የመንግሥት ነው ይላሉ፤ ያንተ ነው። የኔም። የሎዊታም፣
የዚያ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ጥርሴን የሰበረው ሰውዬም።»

እኔ፣ የተከራየሁ ክፍል፣ ድስቱ ሳይቀር የሰው ንብረት፣
የስድስት መቶ አርባ ኤከር፣ ባንድ ማታ ሆንኩ ባለመሬት!

ቢጫው ከቢጫው ሲገናኝ፣ በጥግ ነው፣ እንደ ዳማ ገበታ፤
«በጥጓ ብዘልስ?» አልኩት። «ተዋት፣ የጠበቆች ቦታ
ናት፤ እኛ በጠጠሩ መንገድ እንዞራለን፣ በዝግታ።»

ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ። ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል፤
የመኪና በር ማላተም፣ ቨርሊንን እንደ ስድብ ያስቆጣል።
ነፋሱን በጉንጫችን ለክተን፣ ከሴጅ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥን፤
ጀርባ ለጀርባ ተደግፈን፣ እሱ ምዕራብ እኔ ምሥራቅ አፈጠጥን።
ከዚያ ትንሿን ጥሩምባ ነፋ፤ ጥንቸል ስትሞት የምታለቅሰውን፣
የሕፃን ጩኸት የመሰለ፣ ሆድ የሚያላውሰውን።
ድንገት ዝም። በክርኑ ጎኔን ነካ ሲያደርገኝ፣
«የኔ ጆሮ ወንፊት ነው። ከመለሱ አንተ ንገረኝ።»

ሦስት ክረምት ለካ ብቻውን፣ እዚህ ተቀምጦ ሲነፋ፣
መልስ ይምጣ አይምጣ ሳይለይ፣ ጀንበሯ እስክትጠፋ።

መለሱ። ከሸንተረሩ ማዶ፣ ሁለት፣ ቆየት ብሎ ሦስት፤
በሹክሹክታ «መጡ» ብለው አልሰማም፤ ጉልበቱን ጨበጥኩት።

አንዷ ብቻ ብቅ አለች። ግራጫ። ጆሮዋ የተቀደደ።
ሽታችንን ልትሰርቅ ዞረች፤ በኔ በኩል መንገዷ ወረደ።
ሰደፉ ትከሻዬ ላይ፣ በመነጽሩ ውስጥ ግንባሯ፤
ትንፋሿ ሲጨስ ይታየኛል፣ ውርጭ የያዘው ጸጉሯ።
ሳብኩት ቃታውን። ምንም። መቆለፊያውን ጣቴ ነካ፤
«ቀጭ» አለ። ለሷ ጆሮ ግን፣ መድፍ ኖሯል ለካ።

በሽቦው ሥር ሾልካ፣ ወደ ነጩ ካሬ ገባች፤
በር ሳታንኳኳ፣ ፈቃድ ሳትለምን፣
እዚያ ቁጭ ብላ ጆሮዋን አከከች።

ቨርሊን ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።
እኔ አቀርቅሬ በረዶ ጫርኩ በጫማዬ።
«ስንት ነበሩ?» አለኝ ኋላ፣ እንባውን ጠርጎ።
«ሦስት ሰማሁ።»
«ሦስት» አለ። ቴርሞሱን ከፈተ፤ የዶሮ ሾርባ፣ ጨው የበዛበት፤
ባንድ ክዳን እየተቀባበልን ጠጣን።
«ሦስት» አለ ደግሞ፣ ለራሱ።

ሰኞ፣ ካርዴን ልነቅል፣ ወደ መደብሩ ጎራ አልኩ፤
ሰባት ቁራጭ ነበር ያለኝ፤ ደጋግሜ ቆጠርኩ፤
ስድስት ሆኖ አገኘሁት።
ካርዱን እዚያው ተውኩት።